«የጸና መንጃ ፈቃድ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ መኪና መድን ተጠይቆ፣ «ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱ መሰረዙን ካላወቀ ኢንሹራንሱ የመክፈል ግዴታ አለበት» ብሎ መለሰ። አዳማ ውስጥ ይህን ባለንብረቶች ሲያወሩት፣ ሹፌሮች ሲጽናኑበት፣ ደላሎችም መኪና ሲያሻሽጡ ጣል ሲያደርጉት እሰማለሁ። የምሠራው በመድን ድርጅት፣ የካሳ ጥያቄ በሚመረመርበት ክፍል ነው። በዚህ አባባል ተማምነው መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች አሉ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አብዛኛው የተሽከርካሪ መድን ውል (ፖሊሲ)፣ አደጋው ሲደርስ መሪ የያዘው ሰው ለዚያ ዓይነት መኪና የሚያገለግል የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። የጸና የሚባለው ፈቃዱን በሰጠው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ በሥራ ላይ ያለ ፈቃድ ነው። ካርዱ መዝገቡን ያሳያል እንጂ መዝገቡን አይተካም። መዝገቡ ላይ «ተሰርዟል» ሲባል ኪስ ውስጥ ያለው ካርድ ላይ ምንም ነገር አይታይም። ፎቶው ያው ነው፤ ማህተሙም ያው።

ለነጋዴ ከተማ በቼክ ማስረዳት ይቀላል። አንድ ነጋዴ ሂሳቡ ተዘግቷል እንበል፤ መዘጋቱን ግን አልሰማም። የቼክ ደብተሩ መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ፊርማውም የራሱ ነው። ጽፎ ሰጠ። ባንኩ ቼኩ ሲቀርብለት የሚያየው ሂሳቡን ነው፤ ሰውየው ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ አይጠይቅም። ቼኩ ደረቅ ነው። «አውቀህ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በኋላ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። እዚያ የሚሰጠው መልስ ዋጋ አለው፤ ባንኩ መስኮት ላይ ግን ገንዘብ አያስወጣም። የተሰረዘ መንጃ ፈቃድ የተዘጋ ሂሳብ ነው። የታገደው ደግሞ በትእዛዝ ለጊዜው እንዳይንቀሳቀስ የተደረገ ሂሳብ ነው። እግዱ ሲነሳ ይመለሳል፤ በእግዱ መሐል የተጻፈ ቼክ ግን አይመነዘርም። የእድሳት ጊዜው ያለፈበት መንጃ፣ ሂሳቡ ሳይዘጋ ወረቀቱ ብቻ እንዳረጀበት ቼክ ነው። ባለንብረቱስ? እሱ ቼኩን አምኖ ተቀብሎ ዕቃውን ያስጫነው ሰው ነው። አላጠፋም፤ ዕቃው ግን ሄዷል።

ይህ የሦስቱ ልዩነት ገንዘብ ላይ ነው የሚታየው። አንዳንድ ፖሊሲዎች ሹፌሩ ፈቃድ «ያለው ወይም የነበረው፣ ፈቃድ ከመያዝም ያልተከለከለ» እንዲሆን ነው የሚጠይቁት። በእንዲህ ዓይነቱ አጻጻፍ፣ ማሳደስ የዘነጋ ሹፌር ሊያመልጥ ይችላል፤ ፈቃድ ነበረው፣ ማንም አልከለከለውም። የተሰረዘበት ሹፌር ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ይወድቃል። ስለዚህ «የጓደኛዬ መንጃ ሳይታደስ ተከፍሎታል፣ ለእኔም ይከፈለኛል» የሚል ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያነጻጸረ ነው።

አስተያየት ሰጪው የተሳሳተበት ቦታ ይገባኛል። ባለማወቅ በሕጋችን ቦታ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 80 የፍሬ ነገር ስህተትን ያነሳል። ፈቃዱ በሥራ ላይ ነው ብሎ በቅን ልቦና ያመነ ሹፌር፣ ክስ ቢመጣበት ይህን ማንሳት ይችላል። ያንን ይዞ ግን ወደ መድን ውል መግባት አይቻልም። ወንጀል የሰውየውን ሐሳብ ይመረምራል። የውሉ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ በዚያ ቀን ፈቃዱ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ሌላም መከራከሪያ አለው፤ እሱንም ሰምቻለሁ። «የንግድ ሕጉ መድን ቸልተኝነትን ጭምር ይሸፍናል ይላል» ይላል። እውነት ነው፣ አንቀጽ 663 እንዲህ ይላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍልም በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ አልተሻረም፤ ዛሬም የምንሠራበት ነው። ነገር ግን ያው አንቀጽ የሚጀምረው መድን ሰጪው በፖሊሲው ለተገለጹት አደጋዎች ዋስ መሆኑን በመናገር ነው። ሹፌሩ አንቀላፍቶ ቢጋጭ ቸልተኝነት ነው፣ ይሸፈናል። የጸና ፈቃድ በሌለው ሰው ሲነዳ የደረሰ አደጋ ግን መጀመሪያውኑ ያልተሸጠ አደጋ ነው። አረቦኑ፣ ማለትም የመድኑ ዋጋ፣ ሲሰላ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ቅን ልቦና ያልተገዛን ሽፋን አይፈጥርም።

«ትራፊክ አይቶ አሳልፎኛል» የሚልም አለ። ከሞጆ እስከ አዳማ ቢፈተሽም ፖሊሱ ያየው ካርዱን ነው። እኛ ዘንድ ፋይል ሲከፈት ግን መንጃ ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮ በደብዳቤ ይጠየቃል። ብዙ ሰው መሰረዙን የሚሰማው ከዚያ ደብዳቤ መልስ ነው።

ሰው ሳያውቅ እንዴት ይሰረዝበታል? የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ የጥፋት ነጥብ መመዝገብን አምጥቷል፤ ነጥብ በመዝገብ ይጠራቀማል። ፈቃዱን ያወጣው አንድ ዞን፣ የሚኖረው ሌላ ቦታ፣ ስልኩም የተቀየረ ሹፌር ውሳኔው ላይደርሰው ይችላል። አንዳንዴም መሥሪያ ቤቱ የድሮ ፋይል ሲያጣራ የትምህርት ወይም የሥልጠና ማስረጃው ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። ደላላ «ጨርሼልሃለሁ» ብሎ የሰጠው ካርድ ደግሞ ከናካቴው መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል፤ እሱ ከተሰረዘውም የባሰ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ ልሂድ፤ ያኛው የበለጠ ያሳዝነኛል። «መንጃ ከሌለ ኢንሹራንስ የለም» ተብሎ የተጎጂ ቤተሰብ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ መንገድ ሲያቋርጥ የተገጨ እግረኛ የሹፌሩን መዝገብ የማጣራት ግዴታ የለበትም። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የወጣው ለእሱ ነው። መድን ሰጪው ለተጎጂው በአዋጁ ጣሪያ ልክ ይከፍላል፤ ከዚያ ዞሮ ገንዘቡን መድኑን ከገዛው ባለንብረት ይጠይቃል። ድንገተኛ ሕክምናም የጥፋተኝነት ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም። መኪናው ጨርሶ መድን ባይኖረው ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ እንኳ ተጎጂው የሚሄድበት የመድን ፈንድ አለ። ተጎጂ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ጠይቁ። የሹፌሩ መንጃ ጉዳይ በእሱና በመድን ድርጅቱ መካከል ነው።

ባለንብረቱ ላይ የሚወድቀው ግን ከባድ ነው። ሙሉ ሽፋን ቢኖረውም የራሱ መኪና ጉዳት አይከፈለውም። በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ በባንክ ብድር የተገዛ ተሳቢ ቢሆን፣ ተሳቢው ገደል ገብቶም የወር ክፍያው አይቆምም። ለተጎጂው የተከፈለው ተመልሶ ይጠየቃል። ከአዋጁ ጣሪያ በላይ የቀረውን ኪሳራ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 በባለንብረቱ ላይ ይጥላል። ያ አንቀጽ መኪናውን የነዳው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ባለንብረቱን አይለቅም፤ የሚለቀው መኪናው መሰረቁ ሲረጋገጥ ነው። ጭነቱ የሌላ ሰው ከሆነ የጭነት መድን የራሱ ውል አለው፤ የጭነቱ መድን ሰጪ ለባለ ዕቃው ከፍሎ አጓጓዡን ሊከስ ይችላል። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ባለ ተሳቢዎች ሁልጊዜ ይረሱታል።

የሥራ ባልደረቦቼ የማይወዱትንም ልናገር። መድን ድርጅት «ተሰርዟል» ስላለ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ማግለያ አንቀጽ፣ ማለትም «ይህን አልሸፍንም» የሚል የውሉን ቃል፣ የጠቀሰ ወገን ማስረዳት አለበት። ስረዛው የተወሰነው ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ? የፈቃድ ሰጪው ደብዳቤ ቀን ካልጠቀሰ ደብዳቤው ጎዶሎ ነው። የፖሊሲው አጻጻፍ ሁለት ትርጉም ካለውም፣ በአንድ ወገን ተዘጋጅቶ የቀረበ ውል በአዘጋጁ ላይ እንዲተረጎም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይፈቅዳል። ውሳኔው በሥርዓቱ ሳይነገረው የቀረ ሹፌርም ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጋር የሚከራከርበት በቂ ምክንያት አለው። ስረዛው ከመነሻው ቀሪ ነው ከተባለለት ፈቃዱ በዚያ ቀን በሥራ ላይ ነበር ብሎ መድኑን ሊሟገት ይችላል። ይህ ግን የሚሄደው በመሥሪያ ቤቱ በር ነው። ለዚህ ክርክር የ2012ቱን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ን የሚጠቅሱ አሉ፤ እሱ የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን ነው፣ የክልል ቢሮን አይደለም።

አዳማ ውስጥ ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ ራሱ አይነዳም። ሚኒባሱን፣ ባጃጁን፣ አይሱዙውን ለሹፌር ይሰጣል። ሲቀጥር የመንጃውን ኮፒ ይይዛል፣ መያዣ ያስይዛል፣ ዋስ ይጠራል። ኮፒው ስለ መዝገቡ ምንም አይናገርም። ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ ሄዶ፣ ወይም ሹፌሩን ልኮ፣ በሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ማስጻፍ ይቻላል። የመንጃው መደብ ለመኪናው የሚሆን መሆኑም አብሮ ይታይ፤ በአውቶሞቢል መንጃ አይሱዙ የሚነዳ ሰው ፈቃዱ ባይሰረዝም እኛ ዘንድ ያው ነው። ደብዳቤው ቀን ይኑረው፣ ዋናው ባለንብረቱ ጋር ይቀመጥ። ቦሎ በሚታደስበት ሰሞን በየዓመቱ ማስደገም ይበቃል። ሹፌሩ መሐል ላይ ከተቀየረ ግን ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ነው።