በጋራ በሚጻፍ የኦንላይን ሰነድ ላይ መምህራን የሚይዟቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቡድን ሥራን እንደ ጉግል ዶክስ ባለ፣ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ገብተው በሚጽፉበት ሰነድ ለማሠራት የሚያመዛዝን መምህር ከባልደረቦቹ ማበረታቻም ማስጠንቀቂያም ይሰማል፤ ሁለቱም ግን ብዙውን ጊዜ በግማሽ እውነት ላይ የቆሙ ናቸው።

«ማን ምን እንደሠራ ስለሚያሳይ የቡድን ውጤት አሰጣጥ ችግር ተፈታ»

በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ያለፈ መምህር፣ አንዱ ጎበዝ ሠርቶት ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ያስጻፉበትን ወረቀት ያውቀዋልና ይህ ተስፋ ለምን እንደሚማርክ ግልጽ ነው። በእርግጥም ሰነዱ የለውጦችን ታሪክ ይይዛል፤ የትኛው አካውንት የትኛውን አንቀጽ በስንት ሰዓት እንደጨመረ ወይም እንደሰረዘ በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ሥራው በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት በጥድፊያ የተሠራ መሆን አለመሆኑም ከዚያው ይነበባል። ነገር ግን ይህ መዝገብ የሚያውቀው የጻፈውን አካውንት እንጂ ያሰበውን ተማሪ አይደለም። አራት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ተከራክረውና ተስማምተው ሲጽፉ በታሪኩ ላይ የሚወጣው የስልኩ ባለቤት ስም ብቻ ነው፤ በአንጻሩ ከሌላ ቦታ ቀድቶ ሦስት ገጽ በአንድ ጊዜ የለጠፈ ተማሪ ከሁሉም በላይ የደከመ ይመስላል። ስለዚህ ታሪኩ ለመምህሩ ጥያቄ ማንሻ እንጂ ነጥብ መስጫ ሊሆን አይገባም እላለሁ። «ይህን አንቀጽ ጽፋችሁ ስታበቁ ለምን አወጣችሁት?» ብሎ ቡድኑን በቃል መጠየቅ ከቀለሙ የበለጠ ያሳያል።

«አንዱ ቢሰርዘው የሁሉም ልፋት ገደል ገባ»

አይገባም። የማረም ፈቃድ ያለው ሰው ከዚያው ታሪክ ውስጥ የቀደመውን ቅጂ መርጦ ይመልሰዋል።

«ሊንኩን ለክፍሉ ብቻ ስለላክሁ ሌላ ሰው አይገባም»

ሰነዱ «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማረም ይችላል» በሚለው ከተከፈተ፣ ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላ ግሩፕ አንድ ጊዜ ፎርዋርድ መደረጉ ብቻ ለማንም በር ይከፍታል። በአካውንቱ ሳይገባ የመጣ ሰው ደግሞ ስሙ ሳይሆን የእንስሳ ስም ነው የሚታየው፤ ስድብ ቢጽፍ ማንነቱን ከታሪኩ ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው ተማሪዎቹን በኢሜይል አድራሻቸው ማስገባት፣ ከሌላ ቡድን ለሚመጡ አንባቢዎችም አስተያየት የመስጠት ፈቃድ ብቻ መስጠት ነው።

«የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል፤ ፋይሉን እየተላላኩ ይሠሩታል»

ቴሌግራም ለማስታወቂያና ለመወያያ ምቹ ነው፤ ለጋራ ጽሑፍ ግን አምስት ተማሪዎች አምስት የተለያዩ ቅጂዎችን ይዘው ያድራሉ። በዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ በሚያደርገው የጋራ ደረጃ ውስጥ) የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ዛሬም በአንዳንድ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል፤ በተማሪው ስልክ ሲከፈትም ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይወጣል። በጋራ ሰነድ ላይ ሁሉም በዩኒኮድ ስለሚጽፉ ይህ ጣጣ የለም፤ የድሮውን ፋይል ገልብጦ መለጠፍ ግን አያድነውም።

«ኢንተርኔት በሌለበት አይታሰብም»

ጉግል ዶክስ ግንኙነት ሳይቋረጥ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ያለ ኢንተርኔትም ይጻፍበታል፤ ለውጡ ግንኙነቱ ሲመለስ ይላካል። ከዚህም የሚሻለው ኤተርፓድ የተባለው የጋራ መጻፊያ ነው። ነፃና ክፍት ሶፍትዌር በመሆኑ በኮምፒውተር ክፍሉ አንድ ማሽን ላይ ተጭኖ፣ ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ይገቡበታል፤ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ጽሑፍም በየቀለሙ ያሳያል። ኔትወርኩን የሚዘረጋና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፣ መብራትም እንዲሁ።

«ልጆቹ አካውንት ይክፈቱና ይግቡ»

የጉግል አካውንት በራስ ለመክፈት በአብዛኞቹ አገሮች ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው፤ በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ደግሞ ይህን የሚሞላው 7ኛ ክፍል አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያሉትን ዕድሜያቸውን አዋሽተው እንዲመዘገቡ ከማድረግ፣ መምህሩ በራሱ አካውንት ሰነዱን በፕሮጀክተር ከፍቶ እነሱ እያስጻፉትና እያረሙት አብረው ቢሠሩ ይሻላል።