የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ኬዝ፦ ታሪኩ፣ አሠራሩና መመዘኛው

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ኬዝ ማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ቦርድ)፣ ፓወር ሰፕላዩን (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል)፣ ሀርድ ዲስኩንና ካርዶቹን የሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከብረት ላሜራ የሚሠራ ሣጥን ነው። ክፍሎቹን በቦታቸው ያጸናል፣ አየር በመካከላቸው የሚያልፍበትን መንገድ ያበጃል፣ ከውስጥ የሚወጣውን የሬዲዮ ሞገድ ያፍናል። የብረት አካሉ ከመሬት መስመር ጋር ስለሚገናኝ ተጠቃሚውን ከኤሌክትሪክ አደጋም ይጠብቃል። ገዢ ኬዝ የሚመርጠው በአብዛኛው ከፊት ለፊቱ አይቶ ነው፤ ቴክኒሻን ግን ጎኑን ከፍቶ ነው የሚያየው። ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ዓይን ይከተላል። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከአይቢኤም እስከ ኤቲ

የዛሬው ኬዝ የዘር ሐረግ የሚጀምረው አይቢኤም ኦገስት 12 ቀን 1981 ይፋ ካደረገው 5150 ከተባለው ፒሲ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ሲሆን ሞኒተሩ ከላዩ ይቀመጥ ነበር። ውስጡ 5 የካርድ ማስገቢያ ስሎቶች ነበሩት፤ የፓወር ሰፕላዩ አቅም 63.5 ዋት ብቻ ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ኃይል አንድ መካከለኛ ፕሮሰሰር ለብቻው ይወስደዋል።

በ1983 የመጣው ተከታዩ የአይቢኤም ኮምፒውተር፣ ኤክስቲ፣ ስሎቶቹን ወደ 8፣ ፓወሩን ወደ 130 ዋት አሳደገ። 8 ካርዶች እንዲገቡ በስሎትና በስሎት መካከል ያለው ርቀት ከ25.4 ወደ 20.32 ሚሊ ሜትር ተጠበበ። ያ ልኬት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ አሁን የሚሸጥ «ባለ ሁለት ስሎት» ግራፊክስ ካርድ ውፍረቱ የሚለካው በዚያው በ1983ቱ ልክ ነው።

በ1984 የወጣው ኤቲ ከፊቱ የቁልፍ ቀዳዳ ነበረው። ቁልፉ ሲዞር ክዳኑ አይከፈትም፣ ኪቦርዱም አይሠራም። የኤቲ ትልቁ ውርስ ግን ቁልፉ ሳይሆን የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ነው። ሌሎች አምራቾች የአይቢኤምን ማዘርቦርድ ከነቀዳዳው ስለቀዱት፣ ማንም ደንብ ሳያወጣለት የአንዱ ፋብሪካ ቦርድ በሌላው ፋብሪካ ኬዝ የሚገባበት ሁኔታ ተፈጠረ። አነስ ያለው ቤቢ ኤቲ የተባለው ቦርድ ከዚያው ተወልዶ ለአሥር ዓመት ገደማ ገበያውን ይዞ ቆየ።

የኤቲ ኬዝ ለጠጋኝ ምሕረት አልነበረውም። ከፊት ያለው ማብሪያ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን የግድግዳ ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚቆርጥ ስለነበር፣ 220 ቮልት የተሸከመ ኬብል ሣጥኑን አቋርጦ እስከ ፊቱ ይዘልቃል። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት የፓወር ማገናኛዎች ጎን ለጎን ሲሰኩ ጥቁር ሽቦዎቻቸው መሐል ላይ መገናኘት ነበረባቸው፤ የገለበጣቸው ሰው ቦርዱን ያቃጥላል። በዚያ ዘመን የተማረ ቴክኒሻን ይህን ሕግ ዛሬም በቃሉ ይወጣዋል።

በዚሁ ዘመን ኬዝ ፊት ላይ «33» ወይም «66» እያለ የሚበራ ቁጥርና ቱርቦ የተባለ፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚቀያይር ቁልፍ መታየት ጀመረ። ቁጥሩ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ለክቶ የሚያሳይ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። እውነቱ ግን ቁጥሩ ከጀርባው ባሉ ጃምፐር በተባሉ ትናንሽ ማገናኛዎች አስቀድሞ የሚስተካከል መብራት ነበር፤ የገጣጠመው ሰው የፈለገውን ማስነበብ ይችላል።

ኬዝ ቆሞ እንዲቀመጥ ማን አስቀድሞ እንዳሰበው አከራካሪ ነው። ኤቲን በጎኑ አቁሞ ከጠረጴዛ ሥር የሚያስቀምጥ ማቆሚያ ቀድሞም ይሸጥ ነበር። አይቢኤም ራሱ በ1987 ፒኤስ/2 ሞዴል 60ንና 80ን ታወር አድርጎ ሲያወጣ ነገሩ ጸና ማለት ይቻላል። ቀለሙ ለረጅም ጊዜ ፈዛዛ ግራጫና ክሬም ብቻ ሆኖ የቆየበት ምክንያትም የተለያየ ነው። በሰፊው የሚነገረው የምዕራብ ጀርመን የሥራ ቦታ ደንቦች ለዓይን የማይከብድ ቀለም ይጠይቁ ስለነበር አምራቾች ለሁሉም ገበያ አንድ ቀለም መረጡ የሚለው ነው። የዘመኑ የቢሮ ዕቃ ሁሉ ያንኑ ቀለም ነበር የሚሉም አሉ።

ኤቲኤክስና ተከታዮቹ

ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው የማዘርቦርድና የኬዝ ልኬት ደንብ የኬዝን ውስጥ ከሥር መሠረቱ አደራጀው። ቦርዱ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ፕሮሰሰሩ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ተጠጋ፤ ረጃጅም ካርዶች ከፕሮሰሰሩ ጋር መጋጨታቸው ቀረ። የኋላ ማገናኛዎች በሙሉ 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር በሆነ አንድ መስኮት ተሰበሰቡ። የፊቱ ማብሪያም ለማዘርቦርዱ ምልክት ብቻ የሚሰጥ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ቁልፍ ሆነ። ለሕይወት አስጊ የነበረው ኬብል የጠፋው ያኔ ነው፤ ከኤቲኤክስ ጸጋዎች ሁሉ ይህ ሊቀድም ይገባል።

የመጀመሪያው ሐሳብ የፓወር ሰፕላዩ ፋን ከውጭ አየር ስቦ ፕሮሰሰሩ ላይ እንዲነፋ ነበር። ይሁንና ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ያሞቀውን አየር በፕሮሰሰሩ ላይ ማፍሰስ ስላላዋጣ አቅጣጫው ተገልብጦ ፋኑ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሆነ።

በ1997 ማይክሮ ኤቲኤክስ (244 በ244)፣ በ2001 ደግሞ የታይዋኑ ቪአይኤ ሚኒ አይቲኤክስ (170 በ170) መጡ። ሦስቱም የኋላ መስኮታቸውና የተወሰኑ የብሎን ቀዳዳዎቻቸው ስለሚገጥሙ ትንሹ ቦርድ በትልቁ ኬዝ ውስጥ ይገባል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፔንቲየም 4 ሙቀት ሲያስቸግር ኢንቴል ከፕሮሰሰሩ ትይዩ ጎኑ ላይ ቱቦ ያለው ኬዝ እንዲሠራ መከረ፤ ዓላማው ወደ ፕሮሰሰሩ ፋን የሚገባው አየር ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ነበር። ያ ክብ ቀዳዳና ፕላስቲክ ቱቦ ያለው ኬዝ ዛሬም በየቢሮው ጥግ ይገኛል። ኤቲኤክስን ይተካል የተባለው ቢቲኤክስ ግን ኢንቴል ራሱ በ2006 ተወው። ብዙዎች እንደሚሉት ምክንያቱ በዚያው ዓመት የወጡት ኮር 2 ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ዝቅ ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የቅርጽ ነው። የአፕል ፓወር ማክ ጂ5 በ2003 ባለ 9 ፋን የአሉሚኒየም ሣጥን ሆኖ መጣ፤ በ2005 የወጣው የኬዝ አምራቹ የአንቴክ ፒ180 ፓወር ሰፕላዩን ወደ ታች አወረደ፤ በ2014 የሌላው ኬዝ አምራች የኤንዚኤክስቲ ኤች440 የሲዲ ማጫወቻ ቦታን ጨርሶ አስቀረ፤ ቀጥሎም መስታወት ጎን ፋሽን ሆነ።

ምን ይመዘናል

ቀዳሚው የአየር መንገድ ነው። አየር ከፊትና ከታች ገብቶ ከኋላና ከላይ ይወጣል። የፊቱ ገጽ መስታወት ወይም ድፍን ፕላስቲክ ከሆነ ፋኖቹ በጎን ባለ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ስለሚስቡ ቁጥራቸው መብዛቱ ብዙም አይጠቅምም። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ባለ 80ው የሚያንቀሳቅሰውን ያህል አየር በዝግታ እየዞረ ስለሚያንቀሳቅስ ድምፁ ይቀንሳል። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ከበለጡ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራም በፊልተሩ በኩል ካልሆነ አይገባም። ፊልተሩ ደግሞ ኬዙ ሳይፈታ በእጅ ተስቦ የሚወጣ ካልሆነ ማንም አያጥበውም።

ቀጥሎ ላሜራው ነው። ርካሽ ኬዞች ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ላሜራ ይጠቀማሉ፤ ደህናዎቹ 0.7 እና 0.8 ይደርሳሉ። ጎኑን በጣት ጫን ሲሉት የሚንቋቋ ከሆነ ሀርድ ዲስክ ሲዞር አብሮ ይጮኻል። ጠርዙ መታጠፍ አለመታጠፉም መታየት አለበት፤ ያልታጠፈ ላሜራ እጅ ይቆርጣል። ብሎኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ጥርሱ ሻካራ የሆነው ለፓወር ሰፕላይ፣ ለ3.5 ኢንች ሀርድ ዲስክና ለክዳን፣ ደቃቅ ጥርስ ያለው ኤም 3 ለሲዲ ማጫወቻና ለኤስኤስዲ። ያለ ቦታው በካቻቢቴ የተገፋ ብሎን ጥርሱን ይበላዋል።

የግራፊክስ ካርዱ ርዝመት፣ የፕሮሰሰሩ ፋን ቁመትና ከማዘርቦርዱ ጀርባ ለኬብል የተተወው ቦታ ከመግዛት በፊት በሜትር ቢለኩ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ደኅንነትም የኬዝ ጉዳይ ነው። ኤንዚኤክስቲ በ2021 ኤች1 የተባለውን ኬዝ ከአሜሪካ ገበያ የሰበሰበው የግራፊክስ ካርድ ማገናኛ ቦርዱን የሚያስሩት የብረት ብሎኖች አቋራጭ ፈጥረው እሳት ሊያስነሱ ስለቻሉ ነው።

በኢትዮጵያ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚታዩት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኬዞች ናቸው። ያለ ካቻቢቴ መከፈታቸው ለጥገና ይመቻል። ችግራቸው ብዙዎቹ የራሳቸው ቅርጽ ያለው ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ስላላቸው ከገበያ የተገዛ መደበኛ ዕቃ አለመቀበላቸው ነው። የእኛ ቴክኒሻኖች ከአንዱ አካል ፈትተው ሌላውን እያስነሡ ለዓመታት ያቆዩዋቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ሙያ ተገቢውን ክብር አግኝቷል ለማለት ይከብዳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ መጠን አየር ቢያንቀሳቅስም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ የከተማዋ ቅዝቃዜ ግን አብዛኛውን ይክሰዋል። ድሬዳዋና አፋር ያለው ችግር ተቃራኒው ነው፦ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ሲገባ ራሱ ሞቆ ነው። በቻይና ከሚሠሩ ፓወር ሰፕላዮች በአንዳንዶቹ ላይ ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ የሚል የተራራ ምልክት ይታያል። ሳሳ ያለ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ በክፍሎቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ያለበት ዕቃ ለዚያ ከፍታ አልተፈተሸም ማለት ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑ መታየት አለበት። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ኬዝ ሲነኩት እጅ የሚነዝረው ከፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ የሚፈስ ጥቂት ኤሌክትሪክ መውጫ ስለሚያጣ ነው።

የ1990ዎቹ መጨረሻ ኤቲኤክስ ኬዝ የዛሬን ማዘርቦርድ በብሎን ቀዳዳ ረገድ ይቀበላል። የሚያስቸግረው የሀርድ ዲስክ መደርደሪያው ረጅሙን ግራፊክስ ካርድ መከልከሉ፣ ለፋን የተተወው ቦታ 80 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑና ከፊቱ ዩኤስቢ ማጣቱ ነው። መደርደሪያው በሪቬት የተያዘ ከሆነ ሪቬቱን በድሪል በስቶ ማውጣት ይቻላል፤ የብረት ብናኙ ቦርድ ላይ እንዳይቀር ግን ሥራው ማዘርቦርዱ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት።