የውል አገልጋይነት ምንድን ነው?

በአሜሪካ ኮሌጆች ጀማሪ ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ ከቅኝ ግዛት ዘመን ተነስቶ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት ያለውን ታሪክ ያስተምራል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች «ኢንደንቸርድ ሰርቪቱድ» የሚል ቃል ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ አብዛኞቹ በመጽሐፋቸው ኅዳግ ላይ «ባርነት» ብለው ጽፈው ያልፋሉ። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የቨርጂኒያ የመጀመሪያ መቶ ዓመት ታሪክ ይደበዝዝባቸዋል፤ ባርነት በሕግ እንዴት እንደተሠራ ማየት የሚቻለው ሁለቱን ለይቶ ላወቀ ሰው ብቻ ነውና። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ «የውል አገልጋይነት» ብንለው ይቀርባል። ደሃው እንግሊዛዊ አትላንቲክን ለመሻገር የመርከብ ዋጋ የለውም። ሌላ ሰው ይከፍልለታል፤ እርሱ በምላሹ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ደመወዝ ለማገልገል ይፈርማል። ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የጌታው ግዴታ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ነጻ ይወጣል፤ ሲወጣም መቋቋሚያ የሚሆን እህል፣ ልብስ፣ አንዳንድ ጊዜም መሣሪያ ይሰጠዋል። የተሸጡት ዓመታቱ እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። «ኢንደንቸርድ» የሚለው ስም የመጣው ከወረቀቱ ነው፦ ውሉ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና መካከሉ እንደ ጥርስ እየተዘለዘለ ይቆረጣል። ክርክር ቢነሳ ሁለቱ ቁራጮች ጥርስ በጥርስ ይገጣጠማሉ፤ ካልገጠሙ አንዱ ሐሰተኛ ነው።

«ኮንትራት» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ወደ ዐረብ አገር ሄዶ በሰው ቤት መሥራትን ስለሚያስታውስ፣ አንባቢ ወዲያው ያንን ማሰቡ አይቀርም። የጉዞውን ወጪ የከፈለው አሠሪ በሠራተኛው ላይ የሚያገኘው ሥልጣን በእርግጥ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የቨርጂኒያው አገልጋይ ወርኃዊ ክፍያ አልነበረውም፤ የቀሩት ዓመታቱም እንደ ማንኛውም ንብረት ለሌላ ጌታ ሊሸጡ፣ ጌታው ሲሞት ለወራሽ ሊተላለፉ ይችሉ ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው ለምን አስፈለገ? ለትምባሆ ነው። የቨርጂኒያ የመጀመሪያው የእንግሊዞች ሰፈር ጄምስታውን በ1607 ሲቆረቆር ሰፋሪዎቹ ወርቅ ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ ወርቁ አልተገኘም፣ ረሃብና በሽታ ግን ፈጃቸው። ጆን ሮልፍ የሚባለው ሰፋሪ በ1612 ገደማ ለገበያ የሚሆን ትምባሆ ማብቀል ከቻለ በኋላ መሬቱ ሁሉ ገንዘብ ሆነ፤ ያነሰው ጉልበት ነበር። ከ1618 ጀምሮ «ሄድራይት» የተባለ ሥርዓት መጣ፦ አንድን ሰው ከፍሎ ላሻገረ ሁሉ 50 ኤከር፣ በእኛ ልክ ግማሽ ጋሻ ገደማ፣ መሬት ይሰጠዋል። መሬቱ ለከፋዩ እንጂ ለተሻገረው አልነበረም። ዐሥር አገልጋይ ያስመጣ ባለጸጋ የዐሥር ሰው ጉልበትና 500 ኤከር በአንድ ጊዜ ያገኛል። ከ1630ዎቹ እስከ አሜሪካ አብዮት ድረስ ወደ ቅኝ ግዛቶቹ ከገቡት ነጮች ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ውል እንደመጡ ይገመታል።

ኑሮው መራራ ነበር። በ1623 ሪቻርድ ፍሬቶርን የተባለ ወጣት ከቨርጂኒያ ለወላጆቹ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ከመርከብ ከወረደ ወዲህ ከአተርና ከቀጭን ገንፎ በቀር እንዳልቀመሰ ይነግራቸውና ገንዘብ ልከው እንዲያስለቅቁት ይለምናቸዋል። በዓመቱ ከሞቱት ሰዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ይህን ደብዳቤ ብዙ መምህራን በክፍል ያስነብባሉ፤ እኔም ተማሪዎቼ ከመማሪያ መጽሐፉ በፊት እርሱን እንዲያነቡ አደርጋለሁ። አገልጋይ ያለ ጌታው ፈቃድ ማግባት አይችልም። ቢኮበልል በቀረበት ጊዜ እጥፍ ይጨመርበታል። ግርፋትም አለ። ሆኖም ፍርድ ቤት ቆሞ ጌታውን መክሰስ ይችላል፤ መከራውም የሚያልቅበት ቀን በወረቀት ላይ ተጽፏል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። በነሐሴ 1619 ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያን፣ ከአንጎላ አካባቢ የተማረኩ፣ ዛሬ ሃምፕተን በምትባለው ከተማ ባለው ፖይንት ኮምፎርት ወርደው በምግብ ተለወጡ። እነዚህ ሰዎች ምንም ውል አልፈረሙም፤ ተነጥቀው መጡ እንጂ። «እነርሱም የውል አገልጋዮች ነበሩ» የሚለውን አባባል ስለዚህ አልቀበለውም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ባርነትን የሚደነግግ ሕግ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከመጡት አፍሪካውያን ጥቂቶቹም ዓመታት አገልግለው ነጻ ወጥተዋል። አንቶኒ ጆንሰን አንዱ ነው። በ1621 «ጥቁሩ አንቶኒዮ» ተብሎ በባርነት የመጣው ሰው ነጻ ወጥቶ፣ አግብቶና ልጆች ወልዶ፣ በ1651 አምስት ሰዎችን ባስመጣበት በሄድራይት 250 ኤከር መሬት አገኘ።

ሦስት አገልጋዮች በ1640 ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ኮበለሉና ተያዙ፤ አንዱ ከዝቅተኛው የኔዘርላንድ ምድር፣ ሁለተኛው ስኮትላንዳዊ፣ ሦስተኛው ጆን ፓንች የተባለ ጥቁር። ሦስቱም ሠላሳ ሠላሳ ጅራፍ ተፈረደባቸው። ሁለቱ አውሮፓውያን ለጌታቸው አንድ ዓመት፣ ለቅኝ ግዛቱ ደግሞ ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው። ጆን ፓንች ግን ዕድሜውን ሙሉ እንዲያገለግል ተወሰነ። ጥፋቱ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ዳኛው አንድ ነው። ይህን ፍርድ ያነበበ ተማሪ በውል አገልጋይነትና በባርነት መካከል ያለው መስመር በየት በኩል እንደተሰመረ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲያ የቨርጂኒያ ምክር ቤት መስመሩን በሕግ ማድመቅ ጀመረ። በ1662 ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ተባለ፤ በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተል ስለነበር ይህ ትልቅ መገልበጥ ነው፣ ጌታ ከባሪያው የወለደው ልጅ ንብረቱ ይሆናልና። በ1667 ደግሞ ጥምቀት ከባርነት እንደማያወጣ ተደነገገ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1670፣ አንቶኒ ጆንሰን ሜሪላንድ ሄዶ ሞተ፤ የቨርጂኒያ ዳኞች ቨርጂኒያ የተወው መሬት ወደ መንግሥት ሊመለስ እንደሚችል ወሰኑ፤ ምክንያታቸው ሰውየው ጥቁር ስለሆነ ባዕድ ነው የሚል ነበር።

ፈተና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው በ1676 ስለተነሳው የቤከን ዐመፅ ነው። ናትናኤል ቤከን በገዥው በዊልያም በርክሊ ላይ የተነሳው በአገሬው ተወላጆች ላይ ያሻውን ጦርነት እንዳያደርግ ስለተከለከለ ነበር፤ ጭፍሮቹ ወዳጅ የነበሩትን ነገዶች ጭምር አጥቅተዋል፤ ስለዚህ የነጻነት ታጋይ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ባለርስቶቹን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነበር። ውላቸውን የጨረሱ መሬት አልባ ነጮች፣ አገልጋዮችና ጥቁር ባሮች በአንድነት መሣሪያ አንስተው ጄምስታውንን አቃጠሉ። ቤከን በበሽታ ከሞተ በኋላም መሣሪያ አናስረክብም ብለው ከቀሩት መካከል ሰማንያ ያህሉ ጥቁሮች፣ ሃያ ያህሉ እንግሊዛውያን ነበሩ።

ብዙ መጻሕፍት «ከዚህ በኋላ ባለርስቶቹ ፊታቸውን ወደ ባሮች አዞሩ» ይላሉ። ይህ ከእውነቱ ከፊሉ ነው። የ1662ቱም የ1667ቱም ሕግ ዐመፁን ቀድመዋል። በዚያ ላይ በእንግሊዝ ደመወዝ እያደገ ሲሄድ ለመፈረም የሚሻው ድሃ አነሰ፤ በ1698 የእንግሊዙ ሮያል አፍሪካን ኩባንያ በባሪያ ንግድ ላይ የነበረው ብቸኛ መብት ሲነሳ ደግሞ ባሪያ የሚያመጡ መርከቦች በዙ። ለፈተና መልስ የሚጽፍ ተማሪ ፍርሃቱንም ገበያውንም አብሮ ቢያነሳ ይሻለዋል።

የ1705ቱ የቨርጂኒያ ሕግ ሁሉንም በአንድ ላይ ሰበሰበ። በትውልድ አገራቸው ክርስቲያን ሳይሆኑ ተሻግረው የመጡ አገልጋዮች ባሪያ ይሆናሉ አለ። ያው ሕግ ነጭ ክርስቲያን አገልጋይ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ራቁቱን እንዳይገረፍ ከለከለ፤ ዘመኑን ሲጨርስም ወንዱ ዐሥር ቡሼል በቆሎ፣ ሠላሳ ሽልንግና አንድ ጠመንጃ እንዲሰጠው አዘዘ።

የውል አገልጋይነት ከዚያም በኋላ፣ በተለይ ጀርመኖች በብዛት በገቡባት በፔንሲልቬንያ፣ ቆይቷል። በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥትም ያውቀዋል። አንደኛው አንቀጽ ለምክር ቤት መቀመጫ የሕዝብ ቁጥር እንዴት እንደሚቆጠር ሲዘረዝር፣ ለተወሰኑ ዓመታት ለአገልግሎት የታሰሩት ከነጻ ሰዎች ጋር እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራሉ ይላል። «ሌሎች ሰዎች» ብሎ የጠራቸው፣ ባሪያ የሚለውን ቃል ሳይጽፍ፣ ሦስት አምስተኛ ሆነው ተቆጠሩ።