በአሜሪካ ምድር ጦር የተሽከርካሪ ግቢ የሰርቪስ ፕሮግራም አመራር

በአሜሪካ ምድር ጦር ተሽከርካሪ ያለው ሻለቃ ሁሉ ተሽከርካሪዎቹን የሚያቆምበት፣ የሚፈትሽበት፣ የሚጠግንበትና ወደ ሥራ የሚያሰማራበት ሞተር ፑል የሚባል ግቢ አለው። በዚህ ግቢ ሃምቪ ከሚባለው ቀላል ወታደራዊ መኪና አንሥቶ እስከ ከባድ የጭነት መኪና፣ ተጎታችና ጄኔሬተር፣ እንደ ክፍሉ ዓይነትም ታንክና ብረት ለበስ ይገኛል። ከውጭ ለሚያየው ሰው የግቢው ሥራ የተበላሸውን መጠገን ይመስላል፤ የአመራሩ ከባድ ክፍል ግን ገና ያልተበላሸውን ተሽከርካሪ ቀኑ ሲደርስ ከሥራ አስወጥቶ፣ ሹፌሩን፣ መካኒኩንና መለዋወጫውን በአንድ ቦታ አገናኝቶ፣ ሰርቪሱን፣ ማለትም በየጊዜው የሚደረገውን የታቀደ ፍተሻና ጥገና፣ ሳያጓድሉ መፈጸም ነው።

ሰርቪስ ቢዘለል ምን እንደሚመጣ ሠራዊቱ በጦርነት አይቶታል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 25 እስከ ኖቬምበር 16 ቀን 1944 ከኖርማንዲ ወደ ጦር ግንባሩ ስንቅ፣ ነዳጅና ጥይት ያመላልስ የነበረው ሬድ ቦል ኤክስፕረስ፣ በበረታበት ወቅት ወደ 6,000 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ በቀን 12,500 ቶን ያህል ያጓጉዝ ነበር። መኪኖቹ ከመጠን በላይ ተጭነው ሌት ተቀን ሲሮጡ የዘይት፣ የጎማና የፍሬን ክትትል ወደ ኋላ ስለቀረ ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ አልቀው ወደ ጥገና ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮም ሠራዊቱ ለወታደሩ ከብልሽት በፊት የሚደረግ ጥገናን በካርቱን ሥዕል የሚያስተምር መጽሔት ማሳተም ያዘ፤ ደረቅ መመሪያን ሹፌሩ እንደማያነበው የተረዳ ሰው የወሰነው ውሳኔ ይመስላል።

የሰርቪስ ጊዜ የሚወሰነው በየተሽከርካሪው ቴክኒካዊ መመሪያ ሲሆን፣ መለኪያውም የቀን መቁጠሪያ፣ የተጓዘው ማይል ወይም ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ይገዛል። የስድስት ወርና የዓመት ሰርቪስ የተለመዱ ናቸው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚደረግም አለ። ደንቡ ከተያዘው ጊዜ አሥር በመቶ ወደፊትም ወደኋላም እንዲዛነፍ ይፈቅዳል። ይህም ለስድስት ወሩ ሰርቪስ ወደ 18 ቀን፣ ለዓመቱ ወደ 36 ቀን የሚደርስ መፈናፈኛ ይሰጣል። ጥሩ የግቢ ኃላፊ ይህን ዕድል የሜዳ ልምምድን ለማለፍ ይጠቀምበታል፤ ደካማው ግን የመጨረሻውን ቀን እንደ ዋናው ቀጠሮ ይቆጥርና አንድ መለዋወጫ ሲዘገይ ጊዜው ያልፍበታል።

ቀድሞ ይህ ሁሉ የሚያዘው ዲዲ 314 በሚባል ካርድ ነበር። መጪው ሰርቪስ በእርሳስ ይጻፋል፤ ሥራው ሲያልቅ በቀለም ይጸድቃል። ዛሬ መርሐ ግብሩ፣ የመለዋወጫ ትእዛዙና የስምሪት መዝገቡ ጂሲኤስኤስ-አርሚ በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ተጣምረዋል። ሥርዓቱ የሚያሰላው ግን የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ነው። ከስምሪት የተመለሰ ሹፌር የተሳሳተ ማይል ቢያስመዘግብ፣ ወይም የስምሪት ሠራተኛው ንባቡን ሳያስገባ ቢያልፈው፣ በማይል የሚታሰበው የሰርቪስ ቀን ማንም ሳያስተውለው ይዛባል።

በሁለት ሰርቪሶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የሹፌሩ ፍተሻ ነው። ሹፌሩ መመሪያውን ገልጦ ተሽከርካሪውን ከጉዞ በፊት፣ በጉዞ ላይና ከጉዞ በኋላ፣ እንዲሁም እንደ መመሪያው በየሳምንቱና በየወሩ ይፈትሻል፤ ያገኘውንም ጉድለት ቅጽ 5988-ኢ ላይ ይጽፋል። ፍተሻው በግምት የሚተው አይደለም። ለምሳሌ የፈሳሽ ማፍሰስ በሦስት ደረጃ ይለያል፦ እርጥበቱ ወይም የቀለም ለውጡ ታይቶ ጠብታ ያልሠራ እንደሆነ አንደኛ፣ ጠብታ ሠርቶ በፍተሻው ጊዜ ያልወደቀ እንደሆነ ሁለተኛ፣ ጠብታው በፍተሻው ጊዜ የወደቀ እንደሆነ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፈሳሹን መጠን እየተከታተሉ መንዳት ሊፈቀድ ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ወዲያው ለኃላፊ ይነገራል። የነዳጅና የፍሬን ዘይት ማፍሰስ በዚህ ሚዛን ብቻ አይታለፍም።

በቅጹ ላይ የሚሰፍሩት ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ውሳኔያቸው ግን ከባድ ነው። «X» የተጻፈበት ተሽከርካሪ ከግቢ አይወጣም። ክብ የተደረገበት «X» አዛዡ ወይም ሥልጣን የሰጠው ሰው በወሰነው ገደብ ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደለት ነው። አግድም ሰረዝ ጊዜው ደርሶ ያልተፈጸመ ሰርቪስ ወይም ፍተሻ መኖሩን ያመለክታል፤ ያጋደለ ሰረዝ ደግሞ መታረም ያለበት፣ ተሽከርካሪውን ግን የማያስቆም ጉድለትን ያሳያል። ጤናማ ግቢን ከታመመው ለመለየት እነዚህን ቅጾች ማገላበጥ ይበቃል። በየሳምንቱ «ጉድለት የለም» እየተባለ የሚመለስ የአሮጌ መኪና ቅጽ፣ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ደህና መሆኑን ሳይሆን ኮፈኑን የከፈተ ሰው አለመኖሩን ይናገራል።

ሰርቪሱ ራሱ ዘይትና ፊልትሮ ከመቀየር ይሰፋል። ከቀኑ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ መለዋወጫው፣ ፊልትሮው፣ ዘይቱና ግራሶው ይታዘዛል፤ ልዩ መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነም ይያዛል። ተሽከርካሪው ታጥቦ ይገባል፤ በጭቃ የተሸፈነ ሻሲ ስንጥቁንም ፍሳሹንም ይደብቃልና። ቀደም ሲል በቅጹ ላይ የተጻፉት ጉድለቶች እንደገና ይታያሉ፤ መካኒኩ ከሹፌሩ ጋር ሆኖ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ የጎማ ቡሎኖችን ጥብቀት፣ ባትሪውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በመመሪያው ተራ ይፈትሻል። ሥራው ሲያበቃ በመንገድ ላይ ይሞከራል፤ በመጨረሻም ሥራውን ያልሠራ ሌላ ፈታሽ ያረጋግጣል። በዚህ ሁሉ የሹፌሩ መገኘት ወሳኝ ነው፤ መኪናው በዳገት ላይ ምን እንደሚያሰማ የሚያውቀው እሱ ነውና።

መለዋወጫ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣው ፈተና ከቆመው መኪና ፈትቶ ለሌላው መግጠም ነው። ደንቡ ይህን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ሊጠገን ከሚችል የቆመ ተሽከርካሪ ደህና ክፍል ተፈትቶ ሌላውን ለማስነሳት የሚገጠመው በአዛዥ ፈቃድ፣ በምትኩ አዲስ ክፍል ታዝዞና በመዝገብ ተይዞ ነው። ያለ ፈቃድ በማታ የሚፈታ ዕቃ ግን አንዱን መኪና ለዛሬ ያድንና ሌላውን ለወራት ቅርፊት ያደርገዋል።

በሥራ ክፍፍሉ ሞተር ሰርጀንት የሚባለው የግቢው ኃላፊ የዕለቱን ሥራ ይመራል፤ ዋራንት ኦፊሰር የሚባለው በሙያው የተካነ መኮንን የቴክኒክ እውቀቱን ይሰጣል፤ የመዝገብ ሠራተኛው ትእዛዝና ሰነድ ይከታተላል። በሻምበል ደረጃ የጥገናው ጉዳይ በተለምዶ የምክትል አዛዡ ሸክም ነው። ብዙ ክፍሎች የሳምንቱን የመጀመሪያ ቀን ለግቢ ሥራ ይሰጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት ወታደሩ ተሰልፎ ወደ መኪናው የሚሄደውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የሰርቪስ ቀጠሮ በሥልጠናው መርሐ ግብር ላይ ካልተጻፈ፣ የተኩስ ልምምዱ፣ የጥበቃው ተራና የሌላው ግዴታ ሁሉ ሹፌሮቹን ይወስዳቸዋል፤ መካኒኩም ባለቤቱ የሌለ መኪና ይዞ ይቀራል። በእኔ ግምት ለሰርቪስ መዛነፍ የመካኒክ ስንፍና የሚጠቀሰው ከሚገባው በላይ ነው፤ ቀኑን ከሌላ ሥራ የመጠበቅ ሥልጣን ያለው አዛዡ እንጂ መካኒኩ አይደለም።

ውጤቱ የሚለካው በዝግጁነት መቶኛ ነው። ከወሩ 16ኛ ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 15ኛ ቀን ባለው የሪፖርት ጊዜ ተሽከርካሪው ለሥራ ብቁ የሆነባቸው ቀናት ይሰላሉ፤ ለምድር ተሽከርካሪዎች የተቀመጠው ግብ 90 በመቶ ነው። የቆመበት ምክንያት የጥገና ሥራ ይሁን የመለዋወጫ እጥረት ተለይቶ ይመዘገባል። ከዚህ ጎን የሚሄደው 10/20 የተባለው መስፈርት ግን የበለጠ ይጠይቃል፤ ቁጥሮቹ የተወሰዱት ከሹፌሩ መመሪያ (10) እና ከጥገና ክፍሉ መመሪያ (20) መለያ ነው። ተሽከርካሪው ቢነሳና ቢነዳም እንኳ፣ ሰርቪሱ በጊዜው ካልተፈጸመ፣ ጉድለቱ ካልታረመ ወይም መለዋወጫው ካልታዘዘ መስፈርቱን አላሟላም።

እምብዛም የማይነዱ ተሽከርካሪዎች ለብቻቸው ይታያሉ። ቆሞ የሚውል መኪና ማይሉ ባይጨምርም ባትሪው ይወርዳል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚያግዱት ጎሚኒዎች ይበላሻሉ፤ ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ሰርቪስ ለእሱም ይሠራል። ሠራዊቱ በዝቅተኛ አጠቃቀም መርሐ ግብር ለታቀፉት የሰርቪሱን ጊዜ ማራዘም ይፈቅዳል፤ ወደ መርሐ ግብሩ መግባቱ ግን በፈቃድ ነው፤ አጠቃቀሙ ከተወሰነለት ገደብ ያለፈ ተሽከርካሪም ወደ መደበኛው የሰርቪስ ጊዜ ይመለሳል።