እርስ በርሳችን እንተያይ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ክረምት ሦስት እሑድ አከታትዬ ከጸሎት ቤት ቀረሁ። አልታመምኩም፤ ሩቅ አገርም አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ እኔም ሰነፍኩ። ደግሞ ስልኬ ላይ የአዲስ አበባ ስብከት አለ። ካርድ ሞልቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ እየሰማሁ ሲጠፋ እያንቀላፋሁ «አመለክሁ»። እውነቱን ልናገርና ስብከቱ ከእኛ ወንጌላዊ ስብከት ይሻል ነበር።

በአራተኛው እሑድ ስሄድ በር ላይ አንዲት እናታችን አገኙኝ። ፊደል አልቆጠሩም። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ «አንተ ልጅ፣ ቦታህን እኮ ዶሮ ወረሰችው» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ እውነታቸውን ነው። የጸሎት ቤታችን በር ገርበብ እንዳለ ነው የሚውለው፤ የጎረቤት ዶሮ ገባ ወጣ ትላለች። ከኋላ ሁለተኛው አግዳሚ፣ ጥግ ላይ እኔ የምቀመጥባት ቦታ ሦስት ሳምንት ባዶ ሆና ዶሮዋ ተመቻችታባታለች። ላባዋን ጠርጌ ተቀመጥሁ።

ጉባኤያችን ትንሽ ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግር የሚደረስበት መንደር ነው። ሞላ የተባለ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ሰው እንሆናለን፣ ሕፃናቱ ተቆጥረው። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ አግዳሚው ባሕር ዛፍ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲወርድ ወንጌላዊው አይሰማም። ያኔ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘጋና ከበሮ ይነሣል፤ ዝናቡ እስኪያባራ እንዘምራለን። በሐምሌ አንዳንዴ ስብከቱ ሦስት ቦታ ይቆረጣል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሰው መቅረት አይደበቅም። የዛሬው ትምህርቴም እዚህ ላይ ነው።

ስለ መሰብሰብ ስንናገር ሁላችንም የምንጠቅሳት ዕብራውያን 10፥25 ናት፦ «መሰብሰባችንን አንተው»። ብዙ ጊዜ የቀረን ሰው ለመገሠጽ እንጠቀምባታለን። ከእሷ በፊት ያለችውን ቁጥር ግን እንዘላታለን፦ «ለፍቅርና ለመልካምም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ።» እንተያይ! የምንሰበሰብበት ምክንያት እሷ ላይ ናት።

ይህ መተያየት ገልመጥ አድርጎ ማለፍ አይደለም። በግሪኩ ቃሉ፣ ጌታ በሉቃስ 12 «ቁራዎችን ተመልከቱ» ሲል የተጠቀመበት ያው ቃል ነው። ረጋ ብሎ፣ አስተውሎ ማየት። ገበሬ ጠዋት ስንዴውን ዞሮ እንደሚያየው ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን የገለበጠ ሰው ነው ዋግ መግባቱን የሚያውቀው። ስልኬ ላይ ያለው ሰባኪ፣ ጌታ ይባርከውና፣ የእኔን ቅጠል ሊገለብጥ አይችልም። እኔም የማንንም አልገለብጥም።

ደብዳቤው የተጻፈላቸው ሰዎች በስንፍና ብቻ የቀሩ አይመስለኝም። ዝቅ ብሎ ከቁጥር 32 ጀምሮ ስናነብ ተሰድበዋል፣ ንብረታቸው ተዘርፏል። መሰብሰብ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በእምነቱ ምክንያት ከእድር የተገለለ፣ «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ያደረ ወንድም ይህን ክፍል ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደግሞ በኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን አንፍረድ። ጎጃም ውስጥ እሑድ በሬ የሚጠምድ ገበሬ የለም። እነሱ ሰንበትን ስለሚያከብሩ እኛም «ዛሬ እርሻ አለብኝ» የሚል ሰበብ የለንም። በጥንት ዘመን እንዲህ አልነበረም። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ321 እሑድ የዕረፍት ቀን እንዲሆን ሲያውጅ ለከተማው ሰው ነው ያዘዘው፤ ገበሬው ግን የዘር ወቅት እንዳያልፍበት ማረስ ተፈቅዶለት ነበር። ከዚያ በፊት ለነበሩት ክርስቲያኖች እሑድ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነበረ። ባሪያ የሆነው አማኝ ጌታውን አገልግሎ ሲጨርስ ነው የሚመጣው። በቆሮንቶስ የነበረውም ጣጣ ይኸው ይመስለኛል፤ ያለው ቀድሞ መጥቶ በልቶ ይጠግባል፣ የሌለው ዘግይቶ ደርሶ ይራባል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥33 «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» አላቸው።

ተጠባበቁ። ከከተማ የመጡ እንግዶች የእኛ አምልኮ በሰዓቱ አይጀምርም ብለው ያማርራሉ። ልክ ናቸው፣ አይጀምርም። ከወንዝ ማዶ የሚመጡ አሉና። ሽማግሌያችን ደጅ ወጥቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቁልቁል ያያል። «ሁለት ነጠላ ይታየኛል፣ ትንሽ እንቆይ» ይላል። ማርፈድን ማወደሴ አይደለም፤ የሰነፉን ማርፈድና የሩቁን ማርፈድ ለይቶ የሚያውቅ ጉባኤ ግን ደስ ይለኛል።

የምናነበውን ቃልም አንዳንዱ «መጤ» ይለዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ወደ አማርኛ መጀመሪያ የተረጐመው አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው ነው። ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተቀምጦ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ዐሥር ዓመት ሠራው። ዛሬ የምንይዘው ትርጉም ከእሱ በኋላ የመጣ ሌላ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ማክሰኞና ቅዳሜው ነው። ስንቱ ማክሰኞ አሰልቺ ነበር ይሆን?

ቶማስን አስቡት። በትንሣኤው እሑድ ማታ አልነበረም፤ ለምን እንደቀረ ዮሐንስ አልነገረንም። ጓደኞቹ «ጌታን አየነው» ሲሉት አላምንም አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ግን ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ እናገኘዋለን። ጎረቤቶቻችን ዳግም ትንሣኤ ብለው የሚያከብሩት እሑድ ነው። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ዐሥሩ «ካላመንክ አትምጣ» አላሉትም። እሱም «እንደ እናንተ ካላመንሁ ምን አደርጋለሁ» ብሎ አልቀረም። ጌታ ደግሞ ቶማስን ለብቻው ቤቱ ሄዶ አላነጋገረውም፤ በጉባኤው መካከል ቁስሉን አሳየው። ያን እሑድም ቀርቶ ቢሆንስ?

መተያየት ግን የሚያምም ነገርም አለው። በትልቅ ቸርች የተጣላኸውን ሰው ሳታየው ዓመት ማለፍ ትችላለህ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ውስጥ የት ትደበቃለህ? እኛ ጋ ሁለት ወንድሞች በመስኖ ተራ ተጣልተው ነበር። አንዱ ፊት ይቀመጣል፣ አንዱ በር አጠገብ። ሰላምታ ላይ አንዱ ልጁን እንደሚያባብል ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል። ሽማግሌው ይህን አይቶ የጌታን እራት በአንድ ሳምንት አራዘመው። አንዳንዶቻችን አጉረመረምን፤ ጥፋቱ የሁለት፣ ቅጣቱ የሁላችን ሆነ አልን። አሁን ሳስበው ትክክል ነበር። «ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት» የሚለውን ቃል ትንሽ ስለሆንን ለመጽናኛ እንወስደዋለን። ማቴዎስ 18ን ከቁጥር 15 ጀምራችሁ አንብቡት፤ የበደለን ወንድም ስለ መመለስ የሚናገር ክፍል ነው። ጌታ በመካከላችን እሆናለሁ ያለው እንዲህ ያለው ከባድ ነገር ሲሠራ ነው።

ሁለቱ ሰዎች በሳምንቱ ታረቁ። ተራው ግን አሁንም አልፎ አልፎ ያጨቃጭቃቸዋል።

መባውን በአጭሩ ልበል። ጳውሎስ በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን «እንደ ቀናው መጠን» ብሏል። ለአንዱ አንድ ጣሳ ጤፍ ቀንቶታል፣ ለአንዱ አንድ ብር። ማንም የማንን አይቁጠር።

እኛ ጎጃሜዎች ወንፈል እናውቃለን። ዛሬ የአንተን አጨዳ አጭጄ ነገ የእኔ ላይ ካልመጣህ ወንፈሉ ይፈርሳል። እሑድም እንደዚያ ነው። አንዳንድ እሑድ ምንም ሳይሰማኝ እሄዳለሁ፤ ዝማሬው ለእኔ ደረቅ ነው። ግን ያን ዕለት የእኔ ድምፅ አጠገቤ ላለው ያስፈልገው ይሆናል። የእኔ ማሳ ተራ ሌላ ቀን ይደርሳል።

አሁን ክረምት ገብቷል። ስለ ዶሮዋ የነገሩኝ እናታችን ሁለት እሑድ አልመጡም። አምና እኔ በቀረሁ ጊዜ ሦስት እንቁላል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር፤ ተኝቼ አላገኙኝምና ለእናቴ ሰጥተው ሄዱ። አሁን ወንዙ ሞልቶባቸዋል ይባላል። ረቡዕ ከቀለለ ከሽማግሌው ጋር እንሻገራለን። ከእናንተ መሐል መምጣት የሚፈልግ ካለ፣ ቦቲ ጫማ ይዞ ይምጣ።