ጊሊንግ ባሳህ ምንድን ነው?

የኢንዶኔዥያዋን ደሴት የሱማትራን ቡና በጥሬው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ሰኮና መስሏል። አገሬው «ኩኩ ካምቢንግ» ይለዋል፤ የፍየል ጥፍር ማለት ነው። ይህን መልክ የሚሰጠው ጊሊንግ ባሳህ የሚባለው አሠራር ነው።

ቃሉ ኢንዶኔዥያኛ ነው። «ጊሊንግ» መፍጨት፣ «ባሳህ» እርጥብ። በእኛ ቡና ነጋዴ አነጋገር «በእርጥቡ መቀሸር»፣ ማለትም የፍሬውን ልባስ በእርጥቡ ማውለቅ ልንለው እንችላለን። እኛ ጋ የታጠበ ቡና ገለፈቱን፣ ማለትም ፍሬውን የሸፈነውን ስስ ልባስ (ፓርችመንቱን) እንደለበሰ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል። እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው የሚቀሸረው። ሱማትራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቡናው ገና 30 በመቶና ከዚያ በላይ ውኃ እንደያዘ ገለፈቱ ይወልቃል። ከዚያ ራቁቱን ይደርቃል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዝናብ እና ገንዘብ።

በሱማትራ ሰሜን ጫፍ ያለውን የአቼ ግዛት ጋዮ ደጋ እንውሰድ። ታኬንጎን የምትባል ከተማ፣ ላውት ታዋር ከሚባል ሐይቅ ዳር። በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች አብዛኞቹ አንድ ሄክታር ገደማ ማሳ ነው ያላቸው። ቀይ እሸቱን ለቅመው በዚያው ቀን፣ ብዙ ጊዜ በእጅ በሚዞር ትንሽ መፈልፈያ ይፈለፍሉታል። ፍሬው ከነልጋጉ በባልዲ ወይም በማዳበሪያ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ይታጠባል። ሸራ ላይ ጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ቀን ፀሐይ ይመታዋል። በዚህ ደረጃ ያለውን ቡና «ጋባህ» ይሉታል። እርጥቡን ተሸክመው ለሰብሳቢ ይሸጡታል።

ሙሉ በሙሉ እናድርቀው ቢሉ ደመናው በቀላሉ አይለቅም፤ ቡናው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ማስጫ ቦታም የለም። በዚህ መሃል ቤት ውስጥ ዘይት ያልቃል፣ ልጅ ደብተር ይፈልጋል። በጋባህ ሲሸጡ ግን ቡናው ከተለቀመ በሁለትና በሦስት ቀን ገንዘብ እጃቸው ይገባል። ለእኔ የጊሊንግ ባሳህ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ጣዕሙን ያመጣው የገበሬው የቤት ወጪና ሰማዩ ነው።

መቀሸሩ በአብዛኛው የሰብሳቢው ወይም የወፍጮው ሥራ ነው። እርጥብ ገለፈት ፍሬው ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ማሽኑ ጉልበት ያለውና በኃይል የሚፈትግ መሆን አለበት። የሚወጣው ፍሬ ነጣ ያለ፣ ያበጠና ለስላሳ ነው። በጥፍር ብትጫኑት ይሰረጉዳል። የፍየል ጥፍር የሚመስለውም ማሽኑ እዚህ ላይ ሲጨፈልቀው ነው። ከዚያ ሸራ ወይም ሲሚንቶ ላይ ተሰራጭቶ 12 ወይም 13 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል። ልብስ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ሻጋታም አቧራም በቀላሉ ያገኘዋል።

ስኒው ላይ ሲመጣ ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ፣ አፍ የሚሞላ ወፍራም ቡና ነው። የዝግባ እንጨትና የቅመም ሽታ አለው። «አፈር አፈር ይላል» ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። በደንብ ያልተያዘው እውነት ይሻግታል። በንጹሕ የተሠራውን ግን እንደ ጉድለት መቁጠር ልክ አይመስለኝም። ራሱን የቻለ ጣዕም ነው።

ኢንዶኔዥያ ሁሉ እንዲህ አይሠራም። የሱላዌሲ ደሴት ቶራጃ አካባቢ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የጃቫ ደሴት ትልልቅ እርሻዎች ግን እንደ እኛ ሙሉ በሙሉ አጥበው ያደርቃሉ። የአገሪቱ አብዛኛው ቡና ደግሞ ከእኛው አረቢካ የተለየው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ነው፤ ብዙው እንደ ጀንፈል ከነልጣጩ ይደርቃል። ጋዮ ውስጥ «አቢሲኒያ» የሚባል የአረቢካ ዝርያ አለ። ስሙ እንደሚናገረው ዘሩ ከእኛ የሄደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ጃቫ ገብቶ ኋላ ሱማትራ ደረሰ።

ከረጢት ላይ «ከፊል የታጠበ ሱማትራ» የሚል ካያችሁ ብዙ ጊዜ ይኸው ጊሊንግ ባሳህ ነው። ጥሬውን አግኝታችሁ ቤት የምትቆሉ ከሆነ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። የዚህ ቡና ቁሌት ዝንጉርጉር ነው፤ ሳይበስል የቀረ መስሎ ውስጡ ግን ከታሰበው በላይ በስሎ ይገኛል። ፍንዳታውን በጆሮ፣ ሽታውን በአፍንጫ ተከተሉ።