የጂን አገላለጽ ተለወጠ ማለት ጂኑ ተበላሸ ማለት አይደለም

እዚህ ጅማ በጥናት ቡድናችን «የጂን አገላለጽ ሲለወጥ ጂኑ ራሱ ተበላሸ ማለት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሣ ረጋ ብዬ ላስረዳ። የጂን አገላለጽ ማለት ሴሉ አንድን ጂን ምን ያህል እየገለበጠ እንደሚጠቀምበት ነው። በብልቃጥ ባደጉ የጉበት ሴሎች ላይ መድኃኒት ተጨምሮ «የጂን አገላለጹ ጨመረ» ሲባል፣ ብዙዎቻችሁ ዲኤንኤው የተቀየረ ይመስላችኋል። አልተቀየረም። የዕድር መዝገብ አስቡ፦ መዝገቡ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነው፤ ጸሐፊው ግን ትናንት ሁለት ቅጂ ያወጣበትን ገጽ ዛሬ ሃምሳ ጊዜ ገለበጠው። ተመራማሪዎች የሚቆጥሩት ያንን ቅጂ፣ ማለትም አርኤንኤውን ነው።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲንን እንውሰድ። በሰው የጉበት ሴል ላይ ሲጨመር ሲዋይፒ3ኤ4 ከተባለው ጂን የሚገለበጠው የአርኤንኤ ቅጂ ይበዛል። ሴሉ እየሞተ አይደለም፤ መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም እያበዛ ነው። አብሮ የሚወሰድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚዳከመውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህን ለታካሚ ሳንነግር ማለፍ የለብንም።

እርግጡ ይህ ነው፦ ለውጡ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። የመድኃኒቱን መርዛማነት ለመወሰን የሴሎቹ ሞትና ጉዳትም ይለካል። የለውጡ መጠን ግን እንደ መድኃኒቱ ብዛት፣ እንደ ቆየበት ሰዓትና እንደ ሴሉ ዓይነት ይለያያል። ከጉበት ካንሰር የተገኙት የሄፕጂ2 ሴሎች፣ ለምሳሌ፣ እነዚህ ኢንዛይሞች ከጤናማ ጉበት በጣም ያንሷቸዋል።